አንድ ሜትር ግንብ ያመጣው ጫና፦ በጣና ዳር የተሰነጠቀ የውሃ ገንዳ የጉዳይ ጥናት

ከባሕር ዳር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለሙ አንዲት እናት አሉ። ውሃውን ከጣና በሞተር ስበው በድንጋይ ግንብ ገንዳ ያጠራቅማሉ፤ ከገንዳው ደግሞ በራሱ ፍሰት ወደ መደቦቹ ይለቁታል። ገንዳው ከውስጥ ሲለካ 6 ሜትር ርዝመትና 4 ሜትር ወርድ አለው። ግንቡ ከአካባቢው ጥቁር ድንጋይ በሲሚንቶ የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። መጀመሪያ የተሠራው 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንዲይዝ ነበር፤ በዚያ ልክ ለዓመታት ያለ እንከን አገልግሏል።

ማሳው ሲሰፋ ውሃው አነሰ። የላይኛዎቹ መደቦች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆኑም ውሃው እየደከመ ይደርስባቸው ነበር። ስለዚህ ባለንብረቷ ግንበኛ ጠርተው በነባሩ ግንብ ላይ በዚያው ውፍረት አንድ ሜትር አስጨመሩ። ገንዳው 36 ሜትር ኩብ መያዙ ቀርቶ 60 ሜትር ኩብ እንዲይዝ ታስቦ ነው። ልስኑ ደርቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ፣ ውሃው 2 ሜትር ገደማ ላይ እንደደረሰ አንደኛው ጥግ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች ተሰነጠቀ። በአሮጌውና በአዲሱ ግንብ መጋጠሚያ ዙሪያም ውሃ ማንባት ጀመረ። ሞተሩን ወዲያው አጠፉት፤ ይህ ውሳኔ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ሰውም አትርፏል ብዬ አምናለሁ።

የተጠራሁት ከዚህ በኋላ ነው።

የታየውና የተለካው

ቦታው ስደርስ ከሁሉ ያስቀደምኩት ሰው ማራቅ ነበር። በረጅሙ ግንብ ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት የሸራ ዳስ ተተክሏል። 2 ሜትር ውሃ ባዘለ የተሰነጠቀ ግንብ ሥር ማንም መቀመጥ የለበትም። ዳሱ ተነሣ፣ የታችኛው መልቀቂያ ተከፈተ፣ ውሃው እየወረደ ሳለ ልኬት ጀመርን።

ቱንቢ ስንጥል የረጅሙ ግንብ አፍ መሐል ላይ ወደ ውጭ 2 ሳንቲ ሜትር ወጥቷል። ወደ ጥጎቹ ስንጠጋ ይህ እየቀነሰ ሄዶ ጥጉ አጠገብ ከቁጥር የሚገባ አልሆነም። አጭሮቹ ግንቦች ሚሊ ሜትሮች ብቻ ነው ያዘነበሉት። የጥጉ ስንጥቅ አፉ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ወደ ታች እየጠበበ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይጠፋል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ደግሞ ከውስጥ በኩል፣ ግንቡ ከወለሉ በሚነሣበት መስመር ላይ፣ ማንም ያላየው ሌላ ስንጥቅ ተገኘ። የረጅሙን ግንብ መሐል ይዞ በአግድም የተዘረጋ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነው። ከውጭ ሲታይ ምንም ምልክት የለውም። ከሁሉም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ ስሌቱ ላይ ይታያል።

ግንበኛው በዕድሜ የገፉ፣ በከተማዋ ዙሪያ ብዙ የድንጋይ ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። «ኢንጂነር፣ ነገሩ መጋጠሚያው ነው፤ አሮጌው ግንብ አዲሱን አልያዘውም። ፈልፍለን ጥሩ አድርገን ብንለስነው ይቆማል» አሉኝ። ባለንብረቷ ደግሞ «የጎበጠው ረጅሙ ነው፤ ብዙ ውሃ የሚገፋው እሱን ስለሆነ ነው። አጭሩማ ደህና ነው» አሉ። ሦስተኛ ግምት ያነሣው ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ወጣት ነው፦ መሬቱ ዋልካ ስለሆነ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ይሆናል አለ። ሦስቱም ከልምድ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱንም በቁም ነገር መመርመር ይገባ ነበር።

የዋልካው ግምት ቀላል አልነበረም። በጣና ዙሪያ ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ቤት ያሰነጠቀውም እሱ ነው። ነገር ግን በመሠረት መንቀሳቀስ የሚመጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የድንጋዩን መጋጠሚያ እየተከተለ ደረጃ በደረጃ በሰያፍ ይሄዳል፤ ገንዳው ስለጎደለ ብቻ በሰዓታት ውስጥ አይከደንም። የእኛው ስንጥቅ ግን ውሃው ሲወርድ አብሮ ጠበበ። ገንዳው ባዶ ሲሆን አፉ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀረ፤ የግንቡ መውጣትም ከ2 ወደ 1.2 ሳንቲ ሜትር ተመለሰ። ያንን ካየን በኋላ በጥጉ ስንጥቅ ላይ በተለያየ ከፍታ ጀሶ አሻግረን ለጠፍን፣ ቀንም ጻፍንበት። ጀሶ ሲደርቅ ግትር ነውና ስንጥቁ ከፀጉር ያነሰ ቢንቀሳቀስ እንኳ ይሰበራል። ገንዳውን በጥንቃቄ እስከ 1.5 ሜትር ብቻ ሞልተን አሳደርነው። ጀሶው አልተሰበረም። ጥፋቱ ከ1.5 ሜትር በላይ ካለው ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑ ከዚህ በኋላ አላጠራጠረኝም።

ስሌቱ

ውሃ ግንብን የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 9.81 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ስለዚህ ከውሃው ገጽ አንድ ሜትር ዝቅ ባልን ቁጥር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ያለው ግፊት በ9.81 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም በ9.81 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል። ገጹ ላይ ዜሮ ነው፤ 2.5 ሜትር ላይ 24.5 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሲሳል ከላይ ሹል፣ ከታች ሰፊ የሆነ ሦስት ማዕዘን ይወጣል።

የባሕር ዳር ከፍታ ይህን ይለውጠው እንደሆነ የሚጠይቁ ስላሉ እግረ መንገዴን ላንሣው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ 81 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ግን 101 ይሆናል። ይሁን እንጂ አየሩ የውሃውን ገጽም የግንቡንም ውጫዊ ጎን እኩል ስለሚጫን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የስበት ኃይልም እዚህ 9.78 አካባቢ ነው፤ ከ9.81 ያለው ልዩነት በሺህ ሦስት ብቻ ስለሆነ ለግንብ ሥራ ትርጉም የለውም። ትርጉም የሚኖረው ፈሳሹ ሲለወጥ ነው። በዚህ ገንዳ ውሃ ሳይሆን ሞላሰስ ቢቀመጥ ኖሮ እያንዳንዱ ቁጥር 1.4 እጥፍ ገደማ በሆነ ነበር።

አሁን የአንድ ሜትር ርዝመት ግንብ ብቻ እንውሰድ። ጠቅላላው ግፊት የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ነው፦ ግማሽ × 9.81 × ጥልቀት × ጥልቀት። በ1.5 ሜትር ጥልቀት 11 ኪሎ ኒውተን ይወጣል። በ2 ሜትር 19.6፣ በ2.5 ሜትር ደግሞ 30.7 ኪሎ ኒውተን። ጥልቀቱ ሁለት ጊዜ ስለሚባዛ ኃይሉ ከጥልቀቱ ፈጥኖ ያድጋል። የ6 ሜትሩ ግንብ በሙሉ ሲታሰብ፣ ውሃው 2 ሜትር ላይ በነበረበት ሰዓት የተሸከመው ግፊት 118 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ ይህም የ120 ኩንታል ክብደት ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 187 ኩንታል ይደርስ ነበር።

ይህ ኃይል ግንቡን የሚገፋው ከመሐሉ አይደለም። ሦስት ማዕዘኑ ወደ ታች ስለሚሰፋ የኃይሎቹ ሁሉ ድምር ከወለሉ የጥልቀቱ ሲሶ ላይ ያርፋል፤ ለ2.5 ሜትር ውሃ 83 ሳንቲ ሜትር ላይ ማለት ነው። ግንቡን ከግርጌው ነቅሎ ወደ ውጭ ለመገልበጥ የሚሠራውን ጉልበት መሐንዲሶች ሞመንት እንለዋለን፤ ኃይሉ በዚህ ከፍታ ተባዝቶ ይገኛል። ኃይሉ በጥልቀት ካሬ ያድጋል፣ ከፍታውም በጥልቀት ያድጋል፤ ስለዚህ ሞመንቱ በጥልቀት ኩብ ያድጋል። በ1.5 ሜትር ውሃ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 5.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነበር። በ2 ሜትር 13.1 ሆነ። በ2.5 ሜትር 25.5 ይሆን ነበር።

ባለንብረቷ እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳያቸው ዝም ብለው ብዙ አዩዋቸው። የሚገኘው ውሃ ከ36 ወደ 60 ሜትር ኩብ ያድጋል፤ አንድ ከሁለት ሦስተኛ እጥፍ መሆኑ ነው። ግፊቱ ግን 2.8 እጥፍ ይሆናል። ግርጌውን የሚነቅለው ሞመንት ደግሞ 4.6 እጥፍ። በጉዳዩ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ይህ የመጨረሻው እንዲታወስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ግንብ ሲጨመር ዓይን የሚያየው አንድ ሜትር ብቻ ነው።

የሐይቁ ጥያቄ

ግንበኛው ግን ልባቸው አልረካም። «ታዲያ የውሃው ብዛት ምንም ነው ማለት ነው? ገንዳው ሰፊ ቢሆን አይብስም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከእሳቸው በፊትም ብዙ የተማረ ሰው አስቸግሯል። መልሱን ለማሳየት ከቦታው የተሻለ ነገር አላስፈለገኝም፤ ጣና ፊት ለፊታችን ነበር።

«ጋሼ፣ እዚያ ዳር ላይ፣ ውሃው 1.5 ሜትር በሆነበት ቦታ፣ ግንብ ሠርተን ከወዲህ ያለውን ብናደርቅ፣ ያንን ግንብ ስንት ውሃ ይገፋዋል?» አልኳቸው። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር በአሥርት ኪሎ ሜትሮች ይለካል፣ ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማዕበሉን ትተን የረጋውን ውሃ ብቻ ካሰብን፣ ያ ሁሉ ውሃ በአንድ ሜትር ግንብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት እዚያው 11 ኪሎ ኒውተን ነው፤ የእኛ ገንዳ 1.5 ሜትር ሲይዝ ካለው ጋር እኩል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ያሉት በሮችም የሚሸከሙት በራቸው ላይ ያለውን ጥልቀት ነው፤ ከኋላቸው ያለው የሐይቅ ርዝመት አይቆጠርባቸውም። እንዲያ ባይሆን ኖሮ ሐይቅን በበር መገደብ የሚታሰብ አልነበረም። ሲሞን ስቴቪን የተባለው የፍላንደርስ ሊቅ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1586 ባሳተመው ሥራው አስረድቷል። ግንበኛው ወደ ሐይቁ፣ ከዚያም ወደ ገንዳው አዩና «እንግዲያው ጥፋቱ ቁመቱ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ልስን አላነሡም።

የባለንብረቷ ጥያቄም ከዚህ ጋር ይፈታል። በአንድ ሜትር ርዝመት ሲታሰብ ረጅሙም አጭሩም ግንብ እኩል ነው የሚገፉት። ረጅሙ የጎበጠው መሐሉ ከጥጎች ስለራቀ ነው። ጥግ ላይ ሁለት ግንቦች እርስ በርስ ይያያዛሉና ይደጋገፋሉ፤ ድጋፉ ግን ሩቅ አይደርስም። ርዝመቱ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል አካባቢ በሆነ፣ ጥጎቹና ግርጌው በደንብ በታሰሩ ግድግዳ ላይ እንኳ የመሐሉ ግርጌ ሞመንት የሚቀንሰው በሲሶ ያህል ብቻ ነው። ያንን ሲሶ የሚሸከመው ደግሞ ጥጉ ነው። የእኛ ጥግ ከአፉ የተሰነጠቀውም ለዚህ ነው፤ ከአቅሙ በላይ ሲያግዝ ተቀደደ።

ግንቡ ምን ያህል ይችል ነበር?

የድንጋይ ግንብ ፌሮ የለውም። የሚቆመው በክብደቱ፣ በጥጎቹና ሲሚንቶው በሚሰጠው ጥቂት መያያዝ ነው። ከነሲሚንቶው የአንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ ክብደት 24 ኪሎ ኒውተን ብለን እንያዝ። 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሜትር ቁመት የነበረው ነባሩ ግንብ በአንድ ሜትር ርዝመት 18 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ግንቡ ወደ ውጭ ሲገለበጥ የሚዞረው በውጭ በኩል ባለው የግርጌው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ክብደቱ ከዚያ ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይይዘዋል፤ 4.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር መሆኑ ነው። ውሃው ደግሞ በ5.5 ይገለብጠዋል። ይህ ማለት ገንዳው በደህናው ዘመኑ እንኳ በክብደቱ ብቻ አልቆመም፤ ቀሪውን ጥጎቹና ሲሚንቶው ሸፍነውለታል። በግርጌው ላይ የሚፈጠረው መሳብ 0.1 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነበር፤ ለድንጋይና ሲሚንቶ መጋጠሚያ ጫፍ ላይ የደረሰ ቁጥር ነው። ለዓመታት መቆሙ ብዙ ትርፍ አቅም ነበረው ማለት አልነበረም።

ግንቡ 2.5 ሜትር ሲሆን ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ኒውተን፣ የመያዝ ሞመንቱም ወደ 7.5 ከፍ ይላል። 2 ሜትር ውሃ በ13.1 ይገለብጠዋል፤ ግርጌው በውስጥ በኩል የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። እስከ አፉ ቢሞላ 25.5 ለ7.5 ይሆን ነበር፤ ከሦስት እጥፍ በላይ። በዚህ ጥልቀት መገልበጥ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። የግንቡና የመሠረቱ ሰበቃ 0.6 ነው ብንል መንሸራተትን የሚከላከለው ኃይል 18 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ግፊቱ ደግሞ 30.7።

ያ የቀጠነ ስንጥቅ ያሳሰበኝ አንድ ተጨማሪ ነገር ስለሚያመጣ ነው። ግርጌው ሲከፈት ውሃ ወደ ስንጥቁ ይገባና ግንቡን ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። በ2.5 ሜትር ጥልቀት ይህ ግፊት ከውስጥ ጠርዝ 24.5 ኪሎ ፓስካል ጀምሮ ወደ ውጭ ጠርዝ እየሳሳ ቢሄድ 6 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ የግንቡን ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ይሰርቃል። ግርጌው የባሰ ይከፈታል፣ የባሰ ውሃ ይገባል። መጋጠሚያው ላይ የሚያነባው ውሃ ሁሉም ያየው ቢሆንም እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ሞመንት ገንዳው ሙሉ ቢሆን እንኳ 1.6 ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚያፈሰውን ሲያይ፣ የሚያፈርሰው ከወለሉ ላይ ተደብቆ ነበር።

የቀረቡት መፍትሔዎች

ግንበኛው ያቀረቡት የመጀመሪያ ሐሳብ የገንዳውን ታች አንድ ሜትር በድንጋይና በአፈር ሞልቶ በላዩ ወለል ማፍሰስ ነው። ውሃው 1.5 ሜትር ይሆናል፣ ከፍታውም አይቀርም። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ግን ሙሌቱ ራሱ ግንቡን ወደ ጎን ይገፋል፣ በላዩ ያለው ውሃ ክብደትም በሙሌቱ በኩል ወደ ግንቡ ይተላለፋል። አዲሱ ወለል ትንሽ ቢያፈስ ደግሞ ሙሌቱ ይርሳል፤ ያኔ የ2.5 ሜትሩ የውሃ ግፊት ሳይጎድል ይመለሳል፣ የአፈሩ ግፊት ይታከልበታል። ተውነው።

ሌላው ገንዳውን አፍርሶ መሬት ውስጥ መቅበር ነበር። አፈሩ ከውጭ ስለሚደግፈው ጥሩ ይመስላል። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ፣ መስከረም አካባቢ ከፍ ሲል ግን የዳሩ የከርሰ ምድር ውሃም አብሮ ይወጣል። ከወለሉ በላይ አንድ ሜትር ቢደርስ ከሥር በ9.81 ኪሎ ፓስካል ይገፋል፤ 20 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ወለል ክብደቱ 5 እንኳ አይሞላም። ገንዳው ለጽዳት ባዶ በሆነበት ቀን ወለሉ ይነሣል።

በውስጥ በኩል የፌሮ ኮንክሪት ግድግዳ ማፍሰስ ይቻላል፤ በርግጥም ይሠራል። 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል። ሞመንቱን ለጥንቃቄ በ1.4 አባዝቼ ሳሰላ በአንድ ሜትር 571 ካሬ ሚሊ ሜትር ብረት ጠየቀ፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ19 ሳንቲ ሜትር ቢቆም ይሞላዋል። ለውሃ ገንዳ ግን አለመሰበሩ አይበቃም፣ ስንጥቁም ውሃ የማያሳልፍ ቀጭን መሆን አለበት። ብረቱ የሚሸከመውን ጫና ለማሳነስ ባለ 14 ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ነበረብኝ። አቀማመጡም ወሳኝ ነው፦ ዋናው ቋሚ ፌሮ በውሃው በኩል ባለው ፊት ይሆናል፣ ምክንያቱም ግርጌው የሚከፈተው ከውስጥ ነው። ፌሮውን መሐል ላይ የሚያቆም ሠራተኛ የአቅሙን ሲሶ ያህል ይጥለዋል። ጥጎቹ ላይ የአንዱ ግድግዳ አግድም ፌሮ ታጥፎ ወደ ሌላው በደንብ መግባት አለበት፤ ጥጉ ላይ ተቆርጦ ከቀረ ድንጋዩ ያየውን ቅዳድ ኮንክሪቱም ያየዋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ግን የግድግዳው ውፍረት ከውስጥ ቦታ ስለሚወስድ ገንዳው 5.5 በ3.5 ሜትር ይሆናል፤ 60 የተባለው 48 ሜትር ኩብ ይቀራል። ለግድግዳው ብቻ 12 ሜትር ኩብ ገደማ ኮንክሪት ወጥቶ የሚገኘው ትርፍ 12 ሜትር ኩብ ውሃ ነው።

ክብ ገንዳም አንሥተን ነበር። ክብ ግድግዳ እንደ ሰሌዳ አይጎብጥም፤ ግፊቱን በዋናነት በዙሪያው በመሳብ ይሸከመዋል። የፕላስቲክ ታንከሮች በዚያ ስስነት የሚችሉት ክብ በመሆናቸው ነው። ከባዶ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ 2.5 ሜትር ጥልቀት ከፈለገ ክብ እንዲያደርገው እመክረዋለሁ። እዚህ ግን ነባር ገንዳ አለ፣ ቦታም ሞልቷል።

ቦታ ካለ ደግሞ ውሃን ወደ ጎን ማስፋት ወደ ላይ ከማንሣት በእጅጉ ይረክሳል። 60 ሜትር ኩብ ውሃ በ1.5 ሜትር ጥልቀት 40 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ነባሩ 24 አለው፤ የጎደለው 16 ነው፣ ማለትም 4 በ4 የሆነ ሁለተኛ ገንዳ። ባለንብረቷ «ታዲያ የላይኛዎቹ መደቦችስ?» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ግንቡ ከፍ የተደረገው ለብዛት ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ውሃን ወደ መደብ የሚነዳው የገጹ ከፍታ ነው፤ ግንብን የሚገፋው ግን ከገጹ እስከ ወለሉ ያለው ጥልቀት ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል። መሬቱ ከሐይቁ ሲርቅ ከፍ ስለሚል አዲሱን ገንዳ ወለሉ ከነባሩ ወለል አንድ ሜትር ከፍ በሚልበት ቦታ አስቀመጥነው። ገጹ የ2.5 ሜትሩ ግንብ ሊደርስበት ከታሰበው ከፍታ ጋር እኩል ነው፣ ግድግዳው ግን የሚያየው የ1.5 ሜትር ግፊት ብቻ። ደግሞ ጥልቅ ገንዳ እየጎደለ ሲሄድ ከፍታውን ያጣል፤ ይህኛው እስከ መጨረሻው ጠብታ ያችን አንድ ሜትር ይይዛታል።

የተሠራው

አዲሱ ገንዳ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የፌሮ ኮንክሪት ተሠራ፤ ባለ 10 ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ። በስሌት የሚያስፈልገው የዚያ ሲሶ ያህል ነው፤ ቀሪው ኮንክሪቱ ሲደርቅ በመኮማተር እንዳይሰነጠቅ የገባ ነው። ግድግዳው ከውሃው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ቁመት ተጨምሮለት እንኳ 6 ሜትር ኩብ ኮንክሪት አልጨረሰም። ዋልካው እስከ ጠንካራው መሬት ድረስ ተቆፍሮ ወጥቶ በተመረጠ አፈር ተተካ።

በነባሩ ገንዳ ላይ ባለንብረቷ የተጨመረውን አንድ ሜትር ግንብ ለማስፈረስ ወስነው ነበር። ያስቆምኳቸው ስሌቱን ይዤ ነው። ውሃው ወደ 1.5 ሜትር ሲመለስ የሚገለብጠው ሞመንት 5.5 ነው። የተጨመረው ግንብ በክብደቱ እያገዘ ነው፤ ካለ መያዙ 7.5፣ ከፈረሰ 4.5። ግርጌው አንዴ ስለተከፈተ ሲሚንቶው መሳብ ይሸከማል ብለን ልንተማመንበት አንችልም፤ ከሥር የሚገባው ውሃም 1.2 ያህል ይቀንስበታል። ስለዚህ ግንቡ ካልፈረሰ 6.3 ለ5.5፣ ከፈረሰ 3.3 ለ5.5 ይሆናል። ጥፋቱን ያመጣ የመሰለው ግንብ አሁን አስፈላጊ ሆኗል፤ ጥፋቱን ያመጣው ውሃው ነበር።

6.3 ለ5.5 ግን ለሰው ደኅንነት አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ እፈልጋለሁ። ስለዚህ በረጅሞቹ ግንቦች ውጫዊ ጎን በየ2 ሜትሩ አንድ ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ የድንጋይ ድጋፍ ተሠራ፤ ለአጭሮቹም መሐላቸው ላይ አንድ አንድ። ድጋፍ ዋናው ጥቅሙ የራሱ ክብደት አይደለም። ግንቡ የሚዞርበትን ጠርዝ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ያርቀዋል፤ የግንቡ ክብደት ከ25 ሳንቲ ሜትር ይልቅ ከ1.25 ሜትር ርቀት ይይዛል። ለዚህ ግን ድጋፉ ራሱ የማይሰምጥ መሠረት ያስፈልገዋል፤ ግንበኛው ዋልካውን እስኪያልፉ ድረስ አስቆፈሩ፣ ድንጋዩንም ከነባሩ ግንብ ጋር ጥርስ እያስገቡ አሳሰሩት። የእጃቸው ሥራ ያማረ ነው። የግርጌው ስንጥቅ ከውስጥ ተፈልፍሎ ውሃ በማያሳልፍ ልስን ተደፈነ፣ የጥጉም ተሞላ።

የቀረው ትርፍ ውሃ ማስወጫው ነበር። ከእንግዲህ በነባሩ ገንዳ ከ1.5 ሜትር በላይ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የሰው ማስታወስ እንዲሆን አልፈለግሁም። 2.5 ሜትር ግንብ ባዶ ሆኖ ሲታይ አንድ ቀን አንድ ሰው መሙላቱ አይቀርም። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግንቡን ዘልቆ እንዲወጣ አደረግን፤ ቫልቭም ክዳንም የለውም። ቱቦውን ልክ 1.5 ሜትር ላይ ማድረግ ግን አይሠራም። ሞተሩ በሴኮንድ 6 ሊትር ይሰጣል፤ ቱቦው ያንን ሁሉ ለማስወጣት ውሃው ከቱቦው መሐል 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ የቱቦው መሐል 1.40 ሜትር ላይ ተቀመጠ፤ ሞተሩ ተረስቶ ሌሊቱን ቢያድር ውሃው 1.47 አካባቢ ይቆማል። ከቱቦው የሚወጣው በቦይ ወደ ታችኛዎቹ መደቦች ይወርዳል፤ ከግንቡ ሥር እንዳይፈስና ዋልካውን እንዳያረሰርስ ቦዩ በሲሚንቶ ተለስኗል።